ዓሣ ነው ያልኩ ቀን

ለእህቴ ለሌሲየሊ ዋሽቻታለሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት አጭር ውሸት ዋሸሁ። ከዚያ ውሸቱ እንዳይገለጥብኝ ሚስቴን ካሎላይኔን ዝም አሰኘኋት፤ እሷም እስክትሞት ድረስ ዝም አለችልኝ። በቤተ ክርስቲያናችን የእሁዱን ንባብ የማነብ፣ ሰው የሚያምነኝ ሰው ነኝ። ይህን ግን ለማንም አንብቤ አላውቅም።

ከዚህ በታች ያሉት ከእህቴ ልጅ ከማአታ ጋር የተጻጻፍናቸው ደብዳቤዎች ናቸው። የእሷን እንዳሉ አስቀምጫለሁ። የራሴን ከመላኬ በፊት ደብተር ላይ ስለምገለብጥ ከዚያ ወስጃለሁ። ሦስቱ ልጆቼ ያንብቡት ብዬ ነው። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ለስህተቱ ይለፉኝ።

ሳሚሶኒ፣ ፎአ ደሴት፣ ቶንጋ


ሚልዱራ፣ ጁላይ 14 ቀን 1998

ይድረስ ለምወድህ አጎቴ ለሳሚሶኒ፣

የጌታችን ጸጋ ከአንተና ከቤትህ ጋር ይሁን። ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? የጸሎቱን ከበሮ አሁንም አንተ ነህ የምትመታው ወይስ ለጎረምሶቹ ለቀቅክላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ፊሊሞኔ ደህና ነው፣ ሳሌሲም ደህና ነው። እኔ ደህና አይደለሁም።

ከአምስት ሳምንት በፊት አስወረደኝ። አራት ወር ከሳምንት ሆኖኝ ነበር። ሳሌሲን ስወልድ የሆንኩትን ለሁላችሁም አውርቼ አሰልችቻችኋለሁ፤ ስለዚህ ምጥ ምን እንደሆነ የሚያስተምረኝ ሰው አያስፈልገኝም። ማክሰኞ ዕለት ወይን ስንገርዝ ወገቤን ያዘኝ። ጎንበስ ማለት ያመጣው ነው ብዬ መቀሱን ይዤ ቀጠልኩ። ምሳ ሳይደርስ ሕመሙ መጥቶ ይጨብጠኝ፣ ይለቀኝ፣ እንደገና መጥቶ ይጨብጠኝ ጀመር። ያኔ አወቅኩት። «አንተን አውቅሃለሁ፤ ሳሌሲን ያመጣህልኝ አንተ ነህ፤ ጊዜህ ግን አይደለም» አልኩት፣ እንደ ሰው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰውም አይደለም። «እንደ ወር አበባ ነው፤ ትንሽ ጠንከር ይላል» ብሎ የራስ ምታት ክኒን ሰጥቶ ወደ ቤት ላከኝ። አጎቴ፣ የወር አበባ አይደለም። የሽርት ውሃው መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ፈሰሰ። አጥንቴ ሲከፈት ተሰማኝ። ሳሌሲን ስወልድ በሁለት ምጥ መሃል ትንፋሽ የምሰበስብበት፣ እንዲያውም ከአዋላጇ ጋር የምስቅበት ጊዜ ነበረኝ፤ ይሄኛው ፋታ አልሰጠኝም። ያኔ «ግፊ፣ ደርሷል፣ ጎበዝ» የሚለኝ ሰው ነበረ፤ አሁን የሚንጠባጠብ ቧንቧ ብቻ ነበር የሚሰማኝ። ወጣ። ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም፤ ጣቶች ግን ነበሩት። ከዚያ እንግዴ ልጁ እምቢ ብሎ ቀረ፣ ደሙም አልቆም አለ። ፊሊሞኔ በፎጣ ጠቅልሎ ሆስፒታል መለሰኝና አደንዝዘው አወጡልኝ። ስነቃ ጥርሴ እስኪንቀጫቀጭ ተንቀጠቀጥኩ። ሳሌሲን ወልጄም እንደዚያው ተንቀጥቅጬ ነበር፤ ያኔ ግን ደረቴ ላይ የሚሞቅ ነገር አስቀመጡልኝ።

በሦስተኛው ቀን ወተቴ መጣ። ጡቴ ወሬውን አልሰማም።

ለእናቴ ደወልኩላት። ታውቃታለህ። «እኔ ስድስት ወልጃለሁ፤ ይሄ መውለድ አይደለም» አለችኝ። «ካሎላይኔም አንድ ወርዶባት ነበር። ምንም አላመማት፤ በሦስተኛው ቀን ከእኛ ጋር ቁጭ ብላ ለጨርቅ የሚሆን የዛፍ ልጥ ስትደበድብ ነበር። አንቺን አውስትራሊያ አሞላቆሽ ነው!» ፊሊሞኔም ይህችን ቃል አንስቶ ያዛት። ጠዋት ጫማውን ሲያስር «የአጎትሽ ሚስት በሦስተኛው ቀን…» ይለኛል። እኔ ይኸው አምስተኛ ሳምንቴ ነው፤ ሦስት ደረጃ ወጥቼ እቀመጣለሁ።

ቤት ውስጥ የነበርከው አንተ ነህ። እውነት ምንም አላመማትም? ወይስ የኔ ሰውነት ብቻ ነው ከሰው የተለየው?

የኮኮናት ዘይትም ላክልኝ፤ ወገቤን ልታሸበት።

የእህትህ ልጅ ማአታ


ፎአ፣ ኦገስት 9 ቀን 1998

ይድረስ ለውድ ልጄ ለማአታ፣

ያለፈውን ሳምንት በሰላም ያሳለፈን፣ የሚመጣውንም የሚያውቅ አምላክ ከአንቺ፣ ከፊሊሞኔና ከትንሹ ሳሌሲ ጋር ይሁን። ደብዳቤሽ ደርሶኝ በጣም አዘንኩ። በጠዋቱ ጸሎት ስምሽን ጠርቻለሁ፤ ምክንያቱን ግን አልተናገርኩም።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል። ከበሮውንም እኔው ነኝ የምመታው፤ ጎረምሶቹ ከመቱት ሰው ለጸሎት ሳይሆን ለጭፈራ ነው የሚነሳው። የፓስተሩ አሳማ አጥሬን ጥሶ ቦዬዬን ቆፍሮ በላው። ሰዎች «ሳሚሶኒ ዘንድሮ አሥራቱን በአሳማ በኩል ከፈለ» እያሉ ይስቁብኛል።

ስለጠየቅሽኝ ነገር፣ ልጄ፣ ብዙ ዘመን ሆነው። የሴቶች ነገር ስለሆነ ወንድ በደንብ አያውቀውም። ካሎላይኔ ጠንካራ ሴት ነበረች። እግዚአብሔር ሁሉን ለበጎ ያደርጋል።

አራት ጠርሙስ ዘይት ወደዚያ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬያለሁ። ካሎላይኔ የሠራችውን ሰሌንም ጨምሬበታለሁ፤ ከነበሯት ሁሉ ጥሩው ነው። የዓይን መነጽር ካገኘሽ ላኪልኝ። የእሁዱን ንባብ እየገመትኩ ነው የማነበው፤ እስካሁን ማንም አልነቃብኝም።

አጎትሽ ሳሚሶኒ


ሚልዱራ፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1998

ለአጎቴ ለሳሚሶኒ፣

ሰላም ለቤትህ ይሁን። ዘይቱ ደርሷል። ሰሌኑም ደርሷል።

ሰሌን ግን አልጠየቅኩህም። ልጅ ሆኜ ቤትህ ገብቼ የፈለግኩትን ሳነሳ አንድ ቀን «ተይ» ብለኸኝ አታውቅም። የአክስቴን ማበጠሪያ ወስጃለሁ። ለገና ያሰርከውን አሳማ ከነገመዱ ጎትቼ ወስጃለሁ። አንተ ግን እየሳቅክ «የእህቴ ልጅ ናት፣ ከአጎቷ ቤት የወደደችውን መውሰድ መብቷ ነው» ትል ነበር። አሁን አንዲት እውነት ብጠይቅህ በሰሌን ሸፈንክልኝ።

«ወንድ በደንብ አያውቀውም» አልከኝ። ሙሴ ባሕሩን ሲሻገር ውሃው በቀኝና በግራ እንዴት እንደቆመ ለሰዓት ስትሰብክ ሰምቼሃለሁ። እዚያ አልነበርክም። እዚህ ግን ነበርክ፤ የራስህ ቤት ነው።

ወደ ሥራ ተመልሻለሁ። መቀሱን ስጨብጥ ሆዴም አብሮ ይጨብጣል። ፊሊሞኔ «አየሽ፣ ስትነሺ ይሻልሻል» አለኝ። ከሳሌሲ በቀር ከማንም ጋር ካወራሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እናቴ ስትደውል አላነሳም። አንዳንዴ እውነትም እኔ ነኝ እብዱ፣ ሌላው ሴት ሁሉ እንደ ጉንፋን አድርጎ ያሳልፈዋል እላለሁ።

ለወለደች ሴት «እንኳን እግዜር ማረሽ» ይባላል። ለእኔ ማን ምን አለኝ? አንተ «ሁሉን ለበጎ» አልከኝ። እሷን ቃል መልሼልሃለሁ።

ከቤትህ የማነሳው ይሄን ነው፤ አክስቴ የሆነችውን ንገረኝ።

ማአታ


ፎአ፣ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1998

ልጄ ማአታ፣

እውነትን የሚወድ አምላክ እኔን ይርዳኝ፤ አንቺንም ያጽናሽ።

ሰሌኑን በመላኬ አፍሬአለሁ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ፤ ይህ ሦስተኛው ነው።

ሰውነትሽ ከሰው አልተለየም። እናትሽ ያለችሽ ሁሉ ከእኔ አፍ የወጣ ውሸት ነው።

በ1966 ነው፣ ቅዳሜ ቀን። እናትሽ ያን ጊዜ በባልዋ ደሴት ነበር የምትኖረው፤ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ መጥታ እኛ ቤት አርፋለች። ካሎላይኔ አራት ወር ተኩል ሆኗት ነበር። ለእናትሽ አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ? ደንባችንን ታውቂዋለሽ፤ ወንድም በእህቱ ፊት የሴት ሆድ፣ የሴት ደም አያነሳም። በሬዲዮ የፍቅር ዘፈን ሲመጣ እንኳ ከሁለታችን አንዳችን ተነስተን እንወጣለን።

እናትሽ ኩሽና ሆና የእሁዱን ቦዬ ትልጥ ነበር። ካሎላይኔ ውስጥ ግድግዳውን በሁለት እጇ ተደግፋ ቆመች። ሁለት ልጅ ስትወልድ ስላየኋት አቋቋሟን አወቅኩት። ተንበረከከች፤ ውሃው ሰሌኑ ላይ ፈሰሰ። ጨርቅ ነክሳ ነበር፣ አንዳንዴ ግን ያመልጣታል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ቆየች። ወንድ ነበር። በዚህ በምጽፍበት እጄ ተቀበልኩት። እንግዴ ልጁ ቆይቶ ወጣ፤ ደሙ ሁለት ድርብ የልጥ ጨርቅ አራሰ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሜሊያሜ የተወለደች ዕለት ነው ካሎላይኔ ስለዚያ ቀን ያወራችኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። «ሕመሙ አንድ ነው፣ ሳሚሶኒ» አለችኝ። «ከወገብ ይነሳል፣ ሆድን ይጠመዝዛል፣ እስከ ጭን ይወርዳል። ስወልድ ግን እያንዳንዱ ምጥ የሆነ ነገር ሠርቶ ነው የሚሄደው። ልጁ ዝቅ ሲል፣ ጭንቅላቱ ሲገፋ ይሰማኛል፤ እኔም አግዘዋለሁ። በዚያኛው ሰውነቴ ይገፋል፣ እኔ ደግሞ አልለቅም ብዬ እይዛለሁ። የደከምኩት ከራሴ ጋር ስታገል ነው። ስወልድ ልጁ ሲያለቅስ ሕመሙ ያልቃል። ያኛው ግን ካለቀ በኋላ ነው የጀመረኝ።» ከዚያ ሜሊያሜን ወደ ጡቷ አስጠግታ ፊቷን አዞረች።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። እናትሽ ከኩሽና «ሳሚሶኒ! ካሎላይኔ ምን ሆናለች? ድምጿን ሰማሁ መሰለኝ» ብላ ተጣራች። በር ላይ ቆሜ፣ እጄን ከኋላዬ ደብቄ፣ «ዓሣ ነው፤ ትናንት ከሙሊቶኒ የገዛነው ዓሣ ሆዷን አመማት» አልኳት። «ልምጣ?» አለች። «ተይ፣ ተኝታለች» አልኳት። ልጁን በነጭ ልጥ ጠቅልዬ እናቴ መቃብር ጎን፣ ከአሸዋው ሥር ቀበርኩት። በሳምንቱ ወሬው እንዳይወጣብኝ ፈርቼ እናትሽን ሊወስድ የመጣውን አባትሽን «ዓሣው ያመጣው ነው፤ የአንድ ወር ነገር ነበር፤ ምንም አልተሰማትም» አልኩት። እሱ ለእናትሽ ነገራት።

የሦስተኛው ቀን ነገር ደግሞ ይህ ነው። ሴቶቹ ለጉባኤው ስጦታ የሚሆነውን ትልቁን ልጥ ሊደበድቡ ተሰበሰቡ። ካሎላይኔ ተኝታ ነበር። «ከቀረሽ እህቴ ትጠረጥራለች፤ ስለ እኔ ብለሽ ተነሺ» አልኳት። አየችኝ። ለጸሎት ስንበረከክ ዛሬም የምትመጣብኝ ያቺ አስተያየት ናት። ተነሳች። ወተቷ መጥቶ ስለነበር ደረቷን በጨርቅ ጥፍንግ አድርጋ አሰረችና ሄደች። በመዶሻው በደበደበች ቁጥር ወተቱ ይወርዳል። ስትመለስ ጨርቁ ደርቆ ቆዳዋ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ በሞቀ ውሃ እያራስኩ ነው ያላቀቅኩት። እናትሽ ያየቻት ጠንካራ ሴት ይህች ናት።

ለሦስቱ ልጆቿ እንደ አራስ ተኝታ ሾርባ ቀርቦላታል፣ ወገቧ ታሽቷል። ለዚያኛው ልጥ አስደበደብኳት።

ይህን ለፊሊሞኔ አንብቢለት። በሦስተኛው ቀን የተነሳችው ባሏ ፈሪ ስለነበረ ነው በይው።

ሳሚሶኒ


ሚልዱራ፣ ኦክቶበር 18 ቀን 1998

አጎቴ ሳሚሶኒ፣

እግዚአብሔር ልብህን ያሳርፈው።

ለፊሊሞኔ አነበብኩለት። ጫማውን እያሰረ ነበር። አንዱን አስሮ ሌላውን ሳያስር ቆየ። ከዚያ «ተኚ» አለኝና ወጣ። ለአሠሪው «ሚስቴ አራስ ናት፣ አትመጣም» አለው። አሠሪው ደስ ብሎት «ወንድ ነው ሴት?» አለው። ፊሊሞኔ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሲያለቅስ ቆየ። ማታ እግሬን በዘይትህ አሸልኝ። ማሸት አይችልበትም፤ እንደ ሊጥ ነው የሚያቦካኝ። ግን አላስቆምኩትም።

እኔ ሁለት ቀን አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ የአክስቴ ጨርቅ ነው። በአንተም ተናድጃለሁ። ይቅር አልልህም አልልም፤ ገና ነው።

እናቴ ግን አሁንም ያንኑ ትላለች። እሁድ ዕለት ስልኩን አነሳሁላት። «ካሎላይኔ እኮ…» ስትል ዘጋሁባት። እኔ ብነግራት አታምነኝም፤ «ወንድሜ አይዋሽም» ነው የምትለው። አንተ ከእሷ በሁለት አጥር ርቀት ነህ። ንገራት። በወረቀት አይደለም፣ በሰው አይደለም፣ በአፍህ። ሁለተኛ የማነሳው ይሄን ነው። ፊሊሞኔ ሌላ ልጅ ይፈልጋል። እኔም እፈልግ ይሆናል፤ ነገር ግን የሆንኩትን እናቴ ሳታውቅልኝ እዚያ ሕመም ውስጥ ተመልሼ አልገባም። እናቴን እፈልጋታለሁ፣ አጎቴ።

ማአታ


(ይህ ከደረሰኝ በኋላ አንድ ወር መልስ አልጻፍኩም። ሦስት ጊዜ ወደ እህቴ ደጅ ሄጃለሁ። አንዴ ጨው ለምኜ፣ አንዴ ጣሪያዋ ያፈስ እንደሆነ ጠይቄ፣ አንዴም ዝም ብዬ ተመለስኩ። ከዚያ ይህ ከትንሽ ጥቅል ጋር መጣ።)

ሚልዱራ፣ ኖቬምበር 22 ቀን 1998

አጎቴ፣ ጌታ ይጠብቅህ። መነጽሩ ይኸው። ሌላ ምክንያት አለህ?

ማአታ


ፎአ፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1998

ልጄ ማአታ፣

የሰማው ሁሉ የማይከብደው አምላክ ቤትሽን ይባርክ።

ይህ ደብዳቤ ሳይደርስሽ እናትሽ ደውላልሽ ይሆናል። ዛሬ ጠዋት የእሁድ ልብሷን ለብሳ ወደ ፓንጋይ ስልክ ቤት ስትሄድ አይቻታለሁ። ምን እንደምትልሽ አላውቅም። ትናንት የሆነውን ግን ከእኔ ስሚው።

ከምሳ በኋላ ሄድኩ። ሰሌን እየሠራች ነበር። እኔ ደጃፉ ላይ ፊቴን ወደ ግቢው አዙሬ ተቀመጥኩ፤ እሷ ከኋላዬ ሆነች። እንደዚያ ካልሆነ አልችልም ነበር።

«ጨው አለቀብህ?» አለችኝ።

«አይ፣ እትዬ።»

«ጣሪያዬም ደህና ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ተናገር ወይ ተነሳ፤ ደጃፌን ዘግተህ ዶሮዎቼ መግቢያ አጡ።»

ነገርኳት። ደም አልኩ። ሆድ አልኩ። ጡት አልኩ። በስልሳ አራት ዓመቴ እነዚህን ቃላት በእህቴ ፊት ሳወጣ ጆሮዬ ነደደ። ማአታም ልክ እንደ ካሎላይኔ ሆናለች፣ ልጅሽ አልተሞላቀቀችም አልኳት። ከኋላዬ የሰሌኑ ድምፅ ቆመ። ዞር አላልኩም።

«ዓሣ ነው ያልከኝ» አለች።

«አዎ።»

«የሙሊቶኒን ዓሣ! እኔ እኮ እዚህ ተመልሼ ከገባሁ ጀምሮ ከዚያ ሰውዬ አንዲት ዓሣ ገዝቼ አላውቅም። ‘ሰው የሚመርዝ’ እያልኩ ስሙን ሳጠፋ ነው የኖርኩት። ልጁን ሲድር እንኳ ሳህኑን አሳልፌአለሁ።»

«ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

«የት ሄደህ? ከሞተ አራት ዓመቱ!»

ሳቅ አመለጣት። እኔም ልስቅ ነበር። ከዚያ ግን ሳቋ ሌላ ነገር ሆነ።

«በሦስተኛው ቀን አጠገቧ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ» አለች። «ደረቷ እርጥብ ነበር። ላብ መሰለኝ። ‘ካሎላይኔ፣ ከሁላችን አንቺን ብቻ ነው ሥራ የሚያልብሽ’ ብዬ አሳቅኩባት። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ።»

«እሷስ?»

«አብራ ሳቀች።»

አንዲት ዶሮ በጎኔ ሾልካ ገባች፤ ያባረራት የለም።

«ስድስት የወለድኩ ሴት ከግድግዳው ማዶ ቦዬ እየላጥኩ» አለች እናትሽ። ድምጿ አሁን የቅድሙ አልነበረም። «ያን ጊዜ እንኳ ሁለት ወልጄ ነበር። ወገቧን እይዝላት ነበር። እጄን አስይዛት ነበር። ሳሚሶኒ፣ አልጠራችኝም?»

ለአንቺም ያልጻፍኩልሽ ይህንን ነው፣ ማአታ። «አልጠራችሽም» ብላት ለእሷም ይቀላት ነበር፣ ለእኔም። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ያኔ ከደጃፉ ዞርኩና የእህቴን ዓይን አየሁ።

«ጠርታሻለች» አልኳት። «ሦስት ጊዜ ‘ሌሲየሊን ጥራልኝ’ አለችኝ። አልጠራሁሽም።»

ሳሚሶኒ